ከብሮድዌይ እስከ አንፊልድ፤ የአንድ ዘፈን መንገድ

ቀድሜ ልናገር፤ እኔ የአርሰናል ደጋፊ ነኝ። ይህን ጉዞ የተጓዝኩት ለሊቨርፑል ብዬ አይደለም። የተከተልኩት ዘፈኑን ነው።

የሊቨርፑል ክለብ ደጋፊዎች መዝሙር የሆነው «ዩል ኔቨር ዎክ አሎን» («መቼም ብቻህን አትሄድም») የማይሰማበት የአዲስ አበባ ሰፈር ያለ አይመስለኝም። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ ይዘፈናል። ሚኒባስ ላይ ተለጥፎ ይታያል። እንግሊዝኛው የማይገባው ልጅ ሳይቀር ዜማውን ያንጎራጉረዋል። ከየት መጣ ብትሉት ግን «ከሊቨርፑል ነዋ!» ይላችኋል። ዘፈኑ የተወለደው ኒው ዮርክ ነው፤ ያውም በሙዚቃ ቲያትር ውስጥ፤ ያውም ባሏ ገና አሁን የሞተባትን ሴት ለማጽናናት።

ባለፈው ጥቅምት እህቴን ልጠይቅ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄጄ ነበር። የመልስ ቲኬቴ በለንደን በኩል ነው። ታዲያ ለምን ዘፈኑ በሄደበት አልሄድም አልኩ፤ ኒው ዮርክ፣ ለንደን፣ ሊቨርፑል። ዓመተ ምሕረቱን በሙሉ የጻፍኩት በፈረንጆቹ ነው።

ረቡዕ፤ ኒው ዮርክ

ጎህ ሲቀድ ከዋሽንግተን አውቶቡስ ያዝኩ። ዋጋው 38 ዶላር። እህቴ «መንገድ ላይ ይርብሃል» ብላ ሽሮ ፍርፍር ቋጥራልኛለች። ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው። ሜሪላንድን ሳንጨርስ ሽታው አውቶቡሱን አዳረሰው። ሾፌሩ በማይክሮፎን «ምግብ የያዛችሁ እባካችሁ ክደኑት» ሲል ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ፍርፍሩን እስከ ኒው ዮርክ ጭኔ ላይ ታቅፌው ሄድኩ።

ከአውቶቡስ ወርጄ በእግሬ ብሮድዌይ ወደሚባለው የቲያትር ሰፈር፣ ወደ 44ኛው መንገድ አቀናሁ። ማጀስቲክ ቲያትር ከውጭ ሲታይ ስሙን አያህልም። ግራና ቀኝ ሕንፃዎች አጣብቀውት ቆሟል። የተሠራው በ1927 ነው። ብዙ ሰው የሚያውቀው «ዘ ፋንተም ኦፍ ዘ ኦፔራ» 35 ዓመት የታየበት ቤት ስለሆነ ነው። እኔን ያመጣኝ ከዚያ በፊት የነበረው ነው። ኤፕሪል 19 ቀን 1945 «ካሩሰል» የተባለው የሙዚቃ ቲያትር እዚህ መድረክ ላይ ወጣ። በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 11 ቀን 1937 መሆኑ ነው።

ዜማው የሪቻርድ ሮጀርስ፣ ቃላቱ የኦስካር ሀመርስታይን ናቸው። ሁለቱ ሰዎች በ1943 «ኦክላሆማ!» በተባለ ሥራቸው ከተማውን አናውጠውታል። «ኦክላሆማ!» የሚታየው ሴንት ጄምስ ቲያትር ነበር። ሴንት ጄምስ ደግሞ እዚያው መንገድ ላይ፣ ከማጀስቲክ ፊት ለፊት ነው። አስፋልቱ መሃል ቆሜ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አየሁ። ሁለቱ ሰዎች ከራሳቸው ሥራ ጋር ነበር የተፎካከሩት። ይህን እያሰብኩ ባለታክሲው ጡሩንባውን ለቀቀብኝ።

የመክፈቻው ምሽት ራሱ ቲያትር ይወጣዋል። ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ከሞቱ ገና ሳምንታቸው ነው። አውሮፓ ውስጥ ጦርነቱ አላበቃም። አዳራሹ ውስጥ ልጁ ወይም ወንድሙ ግንባር ያለ ሰው አይጠፋም። ሮጀርስ ጀርባውን ተጎድቶ በቃሬዛ ነው የመጣው። በማስታገሻ መድኃኒት ደንዝዞ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቶ ተከታተለ። የሰዉ ሳቅና ጭብጨባ በደንብ ስላልተሰማው ሥራው የወደቀ መስሎት ነበር። ቲያትሩ 890 ጊዜ ታየ።

ታሪኩን ካላወቃችሁ ዘፈኑን ግማሹን ነው የምትሰሙት። መነሻው የሃንጋሪው ደራሲ ፌሬንጽ ሞልናር በ1909 ቡዳፔስት ላይ ያሳየው ተውኔት ነው። አሜሪካኖቹ ወስደው ሜይን በተባለችው ጠረፍ ግዛት፣ ዓሣ አጥማጆች መንደር ውስጥ ተከሉት። ቢሊ የሚባል የመዝናኛ ቦታ ሠራተኛ አለ። ጉረኛ ነው፣ ቁጡ ነው፣ ሚስቱን ይመታል። ሚስቱ ጁሊ ማርገዟን ሲሰማ ለልጁ ገንዘብ ላምጣ ብሎ ዝርፊያ ይገባል። ዝርፊያው ይከሽፋል። እንዳይያዝ በገዛ ቢላዋው ራሱን ይገድላል።

ጁሊ ሬሳው አጠገብ ተቀምጣለች። ኔቲ የምትባል በዕድሜ የገፋች ዘመዷ ትመጣለች። አንድ ጊዜ በጥልፍ ሠርተሽ የሰጠሽኝ ጽሑፍ አለ፣ ትምህርት ቤት ስንማር የምንዘምረው፣ በይ ሞክሪ ትላታለች። ጁሊ ትጀምራለች። መጨረስ ያቅታታል፣ ሲቃ ይይዛታል። ያኔ ኔቲ ትቀበላትና እስከ መጨረሻው ትዘፍነዋለች። አሁን ዓለም ሁሉ የሚጮኸው ዘፈን ይኸው ነው።

ይህን ትዕይንት ለእኛ ሰው ማብራራት አያስፈልግም። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሚያውቅ ሁሉ ኔቲን ያውቃታል። ከሐዘንተኛዋ አጠገብ የምትቀመጠው፣ «በቃ አታልቅሺ» የማትለው፣ ስትደክም ግን ሙሾውን ተቀብላ የምትቀጥለው ሴትዮ ናት።

ማታ ከቲያትር ቤቶቹ በስተምዕራብ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ጎራ አልኩ። የጾም በያይነቱ ከነጉርሻው 29 ዶላር። ወደ ብር አልቀየርኩትም፤ እንጀራው ይታነቀኛል ብዬ። ፍርፍሩ? ያረፍኩት ብሮንክስ ከጓደኛዬ ቤት ነው፤ እሱ ቀዝቃዛውን ጥርግ አድርጎ በላው።

ሐሙስ፤ ኒው ዮርክ፣ ሊንከን ሴንተር

የከተማው ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት የቲያትርና የሙዚቃ ቅርንጫፍ እዚህ ነው። መግቢያው በነጻ ነው። በ1945 ከመጀመሪያዎቹ ተዋንያን ጋር የተቀዳውን የ«ካሩሰል» ሸክላ ቅጂ በጆሮ ማዳመጫ ሰማሁት።

ኔቲን መጀመሪያ የተጫወተችው ክርስቲን ጆንሰን የኦፔራ ዘፋኝ ነበረች። ድምጿ ወፍራም ነው፣ ከሆድ ይወጣል። ቀስ ብላ ትጀምራለች፤ ዜማው አንድ አንድ ደረጃ እየወጣ ይሄዳል፤ የመጨረሻውን ቃል ስትደርስበት ጣሪያው ላይ ናት። ሮጀርስ ሆን ብሎ ነው እንዲህ የሠራው። ዜማው ወደ ኋላ ተመልሶ አያርፍም፤ ገደል እንደሚወጣ ሰው ወደ ላይ ብቻ ነው። ስታዲየም ውስጥ መጨረሻው ላይ ሰው ሁሉ አንገቱ እስኪገተር የሚጮኸው ለዚህ ነው።

ኢርቪንግ በርሊን ራሱ የአሜሪካ የዘፈን ንጉሥ ነው። ይህን ዘፈን ሲሰማ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው መዝሙረ ዳዊት የሚሰጠው ስሜት እንደሚሰማው ተናግሯል። ትክክል ነው።

ከዚያ በኋላ ያልዘፈነው የለም። ፍራንክ ሲናትራ እዚያው 1945 ላይ ቀዳው። ሮይ ሀሚልተን በ1954 በጥቁሮቹ የሙዚቃ ሰንጠረዥ አንደኛ አወጣው። ኒና ሲሞን በፒያኖ፣ ኤልቪስ በመንፈሳዊ መዝሙር ለዛ ተጫወቱት። ረኔ ፍሌሚንግ በ2009 ለኦባማ በዓለ ሲመት ሊንከን ሐውልት ሥር ዘፈነችው። እህቴ ያን ቀን ሕዝቡ መሃል ነበረች። ምን ትዝ ይልሻል ብላት «ብርዱ» አለችኝ።

ማታውን ወደ ለንደን በረርኩ።

ዓርብ፤ ለንደን

የአክስቴ ልጅ ፊንስበሪ ፓርክ ነው የሚኖረው። ከአርሰናል ስታዲየም በእግር ይደረሳል። ለምን እንደመጣሁ ስነግረው ሻንጣዬን አስፋልት ላይ አስቀመጠው። «ለሊቨርፑል ዘፈን ብለህ? እኔ ቤት ነው የምታድረው?»

ድሩሪ ሌን የሚገኘውን ሮያል ቲያትር ብቻዬን አየሁት። ሕንፃው የ1812 ነው፤ ቀን ቀን ክፍት ስለሆነ ገብቶ ሻይ መጠጣት ይቻላል። ሻይዋ ከ4 ፓውንድ በላይ ናት፤ ግን ደረጃውና ጣሪያው ይካካሳሉ። «ኦክላሆማ!» በ1947 መጥቶ እዚህ ታየ። «ካሩሰል» በጁን 1950 ተከተለ። ያኔ ለንደን ገና ከጦርነት እያገገመች ነው። ስጋና ስኳር በራሽን ነበር። አዳራሹን የሞላው ሰው ሬሳ ያነሳ፣ ቤቱ የፈረሰበት ሰው ነው። ከኒው ዮርክ ይልቅ የኔቲ ዘፈን የሚያስፈልገው እዚህ ነበር እላለሁ።

እራት ዓሣና ድንች ጥብስ በላን፤ ለሁለታችን 27 ፓውንድ። ዓሣ ጾም ነው አይደለም የሚለው ክርክር ከእራቱ ረዘመ። የአክስቴ ልጅ ሚስት አልበላችም።

ቅዳሜ፤ ወደ ሊቨርፑል

በዕለቱ ሊቨርፑል በሜዳው ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይጫወታል። ዩስተን ጣቢያ ማልጄ ደረስኩ። ቲኬቱን ቀድሜ በመግዛቴ 43 ፓውንድ ነው ያወጣሁት። ሰሌዳው ላይ የእኔ ባቡር ፊት ለፊት አንዲት ቃል መጣች፤ ተሰርዟል። የተሳፋሪው እጥረት አይደለም፤ የሾፌር እጥረት ነው አሉን። ቀጣዩ ላይ እንድንሳፈር ተነገረን። ሁለት ባቡር ሕዝብ አንዱ ላይ ተጫነ። ከሁለት ሰዓት በላይ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ቆሜ ሄድኩ። ቀይ ሻርፕ ያደረጉ አባትና ልጅ አብረውኝ ቆመዋል። ልጁ በየጣቢያው «እንደርሳለን?» ይላል። አባትየው በየጣቢያው «እንደርሳለን» ይላል።

ላይም ስትሪት ጣቢያ ስንወርድ ዝናብ ይጥላል። ዝናቡ ከላይ አይወርድም፤ ከባሕሩ በኩል በጎን ነው የሚመጣው። ጃንጥላዬ ከጣቢያው በር ሳይርቅ ተገለበጠ። በ2 ፓውንድ አውቶቡስ ወደ አንፊልድ ሄድኩ። ሰፈሩ ጠባብ ጠባብ ቀይ ጡብ ቤቶች ናቸው። በመሃላቸው ስታዲየሙ ድንገት ብቅ ይላል። አሁን ከ61,000 ሰው በላይ ይይዛል። የልብስ ማስጫ ገመድ ከግዙፉ ግድግዳ ሥር ተወጥሮ አየሁ።

ቲኬት የለኝም። አንድ ሰውዬ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ 300 ፓውንድ አለኝ። በእንግሊዝ የእግር ኳስ ቲኬት በጥቁር ገበያ መሸጥ በሕግ የተከለከለ ነው፤ ባይከለከልም 300 ፓውንድ የለኝም። ኮፕ ከሚባለው የስታዲየሙ የደጋፊዎች ወገን ውጭ፣ ከቢል ሻንክሊ ሐውልት አጠገብ ቆምኩ። ሻንክሊ ከ1959 እስከ 1974 ክለቡን ያሠለጠነ ስኮትላንዳዊ ነው። ሐውልቱ እጆቹን ዘርግቶ፣ ሻርፕ አድርጎ ቆሟል።

9 ሰዓት ሊሞላ ሲል ከድምጽ ማጉያው ሙዚቃው ጀመረ። ከዚያ ሰዉ ተቀበለው። ውጭ ሆኖ ሲሰማ ቃላቱ አይለዩም። ግድግዳው ራሱ የሚያጉረመርም ነው የሚመስለው። እኔ ዲኤስቲቪ ቤት የለመድኩት ጩኸቱን ነበር፤ እዚህ የገረመኝ ቀስታው ነው። አይቸኩሉም። አጠገቤ ትኩስ ፓይ የምትሸጠው ሴትዮ ሒሳብ እየመለሰች ታንጎራጉራለች። ፓይዋ 4 ፓውንድ ናት፤ ስጋዋ ጥቂት፣ መረቋ ብዙ፣ ምላስ ታቃጥላለች።

አሁን ዋናው ቀልድ መጣ። ጨዋታውን ፐብ ገብቼ በቴሌቪዥን አያለሁ ብዬ ነበር። ፐቡ ጢም ብሏል፤ ቴሌቪዥኑ ግን ሌላ ነገር ያሳያል። ለካ እንግሊዝ ውስጥ የቅዳሜ 9 ሰዓት ጨዋታ በቀጥታ አይተላለፍም። ሰው ሜዳ መግባቱን እንዳይተው፣ ትንንሾቹ ክለቦች ባዶ እንዳይቀሩ ተብሎ የወጣ የቆየ ደንብ ነው። አዲስ አበባ ላለው ጓደኛዬ ደወልኩ። በእነሱ 11 ሰዓት ነው፤ እሱ ሰፈር ካለው ዲኤስቲቪ ቤት በ20 ብር መግቢያ ቁጭ ብሎ እያየ ነው። «አንተ አንፊልድ ሆነህ እኔ ነኝ የምነግርህ?» ብሎ ሳቀ። እውነትም ጎሉ እንዴት እንደገባ ከሱ ነው የሰማሁት። ከስታዲየሙ የመጣው ጩኸት ግን ከስልኩ ቀደመው፤ ስርጭቱ ይዘገያል። ስለዚህ ሰፈሩ ሲጮህ እኔ አውቄያለሁ፣ እሱ አላወቀም። እስኪያይ ድረስ አልነገርኩትም። ይህቺ ብቻ ናት ቀኑን ሙሉ ያገኘኋት ብልጫ።

ፐቡ ውስጥ በራዲዮ የሚከታተሉ አንድ ሽማግሌ ቦታ ለቀውልኝ ስለ ዘፈኑ ጠየቅኳቸው። በ1963 ልጅ ሆነው ኮፕ ላይ ቆመው ነበር። ያኔ ኮፕ ወንበር የለውም፤ 28,000 ያህል ሰው ትከሻ ለትከሻ ይቆማል። ከጨዋታ በፊት የሳምንቱ አሥር ምርጥ ዘፈኖች በድምጽ ማጉያ ይለቀቃሉ፣ ከአሥረኛ ወደ አንደኛ። ሕዝቡ አብሮ ይዘፍናል። በዚያው መጸው የከተማው ልጅ የዘፈነው «ዩል ኔቨር ዎክ አሎን» አንደኛ ወጣ፤ አራት ሳምንት አንደኛ ቆየ። በኋላ ከሰንጠረዡ ወረደ፣ መለቀቁም ቀረ። ሕዝቡ ግን መዝፈኑን አልተወም። ሽማግሌው «እንዲለቁልን ጮህን፤ እምቢ ሲሉን ራሳችን ዘፈንነው» አሉኝ።

ከባንኮኒው በኩል የነበረ ስኮትላንዳዊ ጣልቃ ገባ። መጀመሪያ የዘፈነው የእኛ ሴልቲክ ነው ይላል። ሽማግሌው ዞረውም አላዩት። እኔ እንኳ ከሽማግሌው ጋር ነኝ፤ ሸክላው የወጣው ከዚህ ከተማ ነው።

እሑድ፤ ማቲው ስትሪትና ካቴድራሉ

ያረፍኩበት ቤት አልጋና ቁርስ ማታው 55 ፓውንድ ነው። ባለቤቲቱ ቁርስ ላይ ባቄላ፣ እንቁላልና ቋሊማ ቆለለችልኝ። የአሳማ ቋሊማ እንደማልበላ ስነግራት ደጋግማ ይቅርታ ጠይቃ ሌላ እንቁላል ጠበሰች።

ማቲው ስትሪት ላይ ካቨርን የተባለው ምድር ቤት ክለብ አለ። ሰው ሁሉ የሚመጣው ለቢትልስ ነው። ዋናው በ1973 ፈርሶ፣ አሁን ያለው እዚያው ቦታ ላይ በ1984 እንደገና የተሠራ ነው። እኔ የፈለግኩት ጌሪ ማርስደንን ነበር። ጌሪ የዚሁ ከተማ ልጅ ነው፣ በ1942 ቶክስቴዝ ሰፈር ተወለደ። ቡድኑ ጌሪ ኤንድ ዘ ፔስሜከርስ ከቢትልስ ጋር አንድ ሥራ አስኪያጅ፣ አንድ ፕሮዲዩሰር ነበራቸው፤ ብራያን ኤፕስታይንና ጆርጅ ማርቲን።

ዘፈኑ እጁ የገባው እንዲህ ነው። ልጅ ሆኖ ለአስቂኝ ፊልም ብሎ ሲኒማ ይገባል። ውጭ ዝናብ ስለነበር ሁለተኛውንም ፊልም ለማየት ይቀመጣል። ሁለተኛው በ1956 የወጣው የ«ካሩሰል» ፊልም ነበር። የሊቨርፑልን ዝናብ ትናንት ስላየሁ ይህን ታሪክ ያለ ጥርጥር አምነዋለሁ። በ1963 ሦስተኛ ሸክላው አድርጎ አወጣው። ያን ክረምት ለሻንክሊ አንድ ቅጂ ሰጠው፤ ሻንክሊም ወደደው። በ1965 የኤፍኤ ዋንጫ ፍጻሜ ዋዜማ ቢቢሲ ራዲዮ ሻንክሊን የሚወዳቸውን ሸክላዎች ሲያስመርጠው ይህንን መረጠ። በማግስቱ ሊቨርፑል ሊድስን 2 ለ 1 አሸንፎ ለመጀመሪያ ጊዜ ዋንጫውን ወሰደ።

ምሳ ስካውስ በላሁ፤ 11 ፓውንድ። የከተማው ሰው ስሙን ያገኘው ከዚህ ምግብ ነው። ድንች፣ ካሮትና ስጋ እስኪፈርስ የተቀቀለ፣ ከጎኑ ቀይ ሥርና ዳቦ። ቃሪያና በርበሬ ያጣ ድንች ወጥ በሉት። በዚያ ብርድ ግን ሳህኑን በዳቦ ጠረግኩት።

ከሰዓት በኋላ የካቶሊኮቹን ካቴድራል ለማየት ዳገቱን ወጣሁ። በ1967 የተመረቀ ነው። ከውጭ ድንኳን ይመስላል፤ ስገባ ግን ቆም አልኩ። ክብ ነው። መንበሩ መሃል ላይ ነው፣ ሰዉ ዙሪያውን ይቀመጣል። የእኛ ባላገር ክብ ቤተ ክርስቲያን መጋረጃው ቢነሳ እንዲህ ይሆን ነበር ብዬ አሰብኩ። ጫማዬን ላወልቅ ምንም አልቀረኝም።

ኤፕሪል 15 ቀን 1989 ሼፊልድ፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም ውስጥ የሊቨርፑል ደጋፊዎች ተጨፍልቀው ሞቱ። ኋላ በጉዳቱ የሞቱት ተጨምረው ቁጥራቸው 97 ደርሷል። በማግስቱ እሑድ ከተማው ለጸሎት ወደዚህ ካቴድራል ጎረፈ። አንድ የመዘምራን ልጅ ብቻውን ቆሞ ይህንኑ ዘፈን ዘመረው። የዚያች ዕለት ዘፈኑ ወደ ቤቱ ተመለሰ ባይ ነኝ። ከድል ጩኸት ወጥቶ ሬሳ አጠገብ የተቀመጠችው ሴት ዘንድ።

በዚያው ሳምንት ሚላን ውስጥ ኤሲ ሚላንና ሪያል ማድሪድ ሲጫወቱ ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። የሚላን ደጋፊዎች በማያውቁት ቋንቋ ይህን ዘፈን አነሱት። ዕለቱ ኤፕሪል 19 ነበር። ማጀስቲክ ቲያትር ውስጥ መጀመሪያ ከተዘፈነ ልክ 44 ዓመቱ።

ሰኞ፤ መታሰቢያውና ጀልባው

ጨዋታ በሌለበት ቀን አንፊልድ ሌላ ቦታ ነው። የስታዲየም ጉብኝት 25 ፓውንድ ከፍዬ ገባሁ። ኮፕ ባዶውን ሲታይ ያን ሁሉ ድምጽ ያወጣል አትሉም። ስሙ የመጣው ከደቡብ አፍሪካ ነው፤ በ1900 የቦር ጦርነት ብዙ የዚህ አካባቢ ወታደር ያለቀበት ስፒዮን ኮፕ የተባለ ኮረብታ አለ። ይህም የሐዘን ስም ነው።

ከጉብኝቱ በኋላ ውጭ ወዳለው የሂልስቦሮ መታሰቢያ ሄድኩ። ስሞቹ ከነዕድሜያቸው ተጽፈዋል። ትንሹ 10 ዓመቱ ነበር። አብዛኞቹ ገና ወጣቶች ናቸው። ያስጎበኘን ሰው እዚህ አልቀለደም። ፖሊስና አንዳንድ ጋዜጦች ጥፋቱን በሟቾቹ ላይ አላከኩት፤ ቤተሰቦቹ 27 ዓመት ተሟገቱ። በኤፕሪል 2016 የምርመራው ዳኞች በሕገ ወጥ መንገድ ነው የተገደሉት ሲሉ ወሰኑ። ቤተሰቦቹ ከችሎቱ ወጥተው እጅ ለእጅ ተያያዙና ዘፈኑን ዘፈኑት። ቪዲዮውን አይቼዋለሁ። ማንም አንገቱን አይገትርም፣ ማንም አይጮህም። ብዙዎቹ እንደ ጁሊ መጨረስ አልቻሉም፣ አጠገባቸው ያለው ጨረሰላቸው።

የሻንክሊ በር የተባለው ብረት በር ላይ የዘፈኑ ርእስ ተጽፏል። ሰው ሁሉ ፎቶ ይነሳል። እኔም ተነሳሁ። ፎቶውን ለአዲስ አበባው ጓደኛዬ ላክሁለት፤ «የአርሰናል ማልያ ለብሰህ መሆን ነበረበት» አለኝ።

ከሰዓት መርዚ ወንዝን በጀልባ ተሻገርኩ፤ 12 ፓውንድ ገደማ። ጌሪ ስለዚሁ ጀልባም ዘፍኗል፣ ጀልባው ላይም ያጫውቱታል። ከማዶ ያለችው በርከንሄድ ናት። በ1992 «ካሩሰል» ለንደን ናሽናል ቲያትር ላይ ሲታይ ኔቲን የተጫወተችው ፓትሪሺያ ራትሌጅ የዚያች ከተማ ልጅ ነበረች። ጌሪም በጃንዋሪ 2021 ያረፈው ከወንዙ ማዶ ነው። ሲሞት አገሩ በኮሮና ገደብ ሥር ነበር። ከዚያ ጥቂት ወራት በፊት የ99 ዓመቱ አዛውንት ካፒቴን ቶም ሙር ለጤና ባለሙያዎች ገንዘብ ለማሰባሰብ ከማይክል ቦል ጋር ዘፈኑን ቀድተው አንደኛ አውጥተውት ነበር። ከኒው ዮርክ እስከዚህ ስከተለው ዘፈኑ የሚነሳው ሰው ሲሞት ወይም ሞት ሲያስፈራ ነው። የዋንጫው ምሽት የኋላ ጭማሪ ነው።

የነፋሱን ነገር አታንሱት። ቅዳሜ ከተገለበጠው ጃንጥላ የተረፈውን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ የጨመርኩት እዚሁ ጀልባ ላይ ነው።

ማክሰኞ፤ ለንደን

የመልሱ ባቡር በሰዓቱ ወጣ፣ በሰዓቱ ደረሰ። የአክስቴ ልጅ በር ላይ ቆሞ ነው የጠበቀኝ። የአርሰናል ሻርፕ አንገቱ ላይ ጠምጥሟል። «እኛም ከ2022 ጀምሮ የራሳችን ዘፈን አለን እኮ» ብሎ ስልኩን አወጣና ከፈተልኝ። ስታዲየሙ ሙሉ ሰው ይዘፍነዋል። እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

«እንዴት ነው?»

«ጥሩ ነው። ግን ለቅሶ ቤት አይሆንም።»

«ማን ለለቅሶ ቤት ነው አለህ?» አለና ስልኩን ነጠቀኝ። ሚስቱ ከወጥ ቤት ሆና «ሁለታችሁም ዝም በሉ፣ ልጁ ተኝቷል» አለች።